ወደ ግራ የሚጠመጠም ሲባጎ

ማክሰኞ ግንቦት 5፣ መርሳ
ጠዋት ደመና፣ ከቀትር በኋላ ፀሐይ። ቤተ ሙከራው ውስጥ የነበርን፦ እኔ፣ የባዮሎጂው መ/ር ሰይድ፣ ወ/ሮ ብርቄ ከንብረት ክፍል።

ወለሉን ጠረግሁ፤ ጠርሙሶቹን አጠብሁ። ደብተሬ፣ ደስ ብሎኛል። ስምንቱ የጭቃ እንክብሎች ሳይሰነጠቁ ደረቁ። ሂስቶን የሚባሉትን ፕሮቲኖች የሚወክሉት እነሱ ናቸው። ዲኤንኤ የሚሆነውን ቀይና ሰማያዊ ሲባጎም አክርሬ ጨረስሁ። ዓርብ ወልድያ የት/ቤቶች የሳይንስ ትርኢት አለ፤ ዲኤንኤ በሂስቶኖቹ ላይ እንዴት እንደሚጠመጠም የሚያሳየውን ሞዴል መ/ር ሰይድ አደራ ያለው እኔን ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ጽዳት ሠራተኛ መሆኔን ያውቃል። የተጣሉ የመጽሐፍ ገጾች ለቅሜ እንደማነብም ያውቃል።

ረቡዕ 6። ነፋስ።
ስምንቱን እንክብሎች አንድ ላይ አጣብቄ ሲባጎውን ጠመጠምሁባቸው። ከለቀምኋቸው ገጾች አንዱ እንዳለው፣ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆምሁ። አንድ ነገር አየሁ። ሲባጎው ተዘርግቶ ሳለ በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው ጎድጓዳ መስመር ከዳር እዳር ስፋቱ እኩል ነበር። እንክብሎቹን ሲያቅፍ ግን ወደ ውስጥ የዞረው ጠበበ፤ ወደ ውጭ የዞረው ተከፈተ። ገጹም ይህንኑ ይላል። ሦስት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝ በጣቴ ገባኝ። ዲኤንኤ ቦታ እንዲበቃው ብቻ የሚጠቀለል ይመስለኝ ነበር። ቅርጹም ይለወጣል ለካ!

መ/ር ሰይድ አይቶ ሳቀ። «እትዬ ዘሃራ፣ መጥረጊያውን ለኔ ይስጡኝና አንቱ ያስተምሩ» አለኝ። ብርቄ «ዶክተር» ትለኝ ጀመር። አፈርሁ። ደስም አለኝ።

ሐሙስ 7፣ ከሰዓት 10 ሰዓት። ሙቀት።
ከፋኝ። ገጹ ላይ ያለውን ሥዕል ከሞዴሉ ጎን አቆምሁት። የሥዕሉ ዙር ፊት ለፊት ሲታይ ወደ ግራ ይወጣል። የኔ ወደ ቀኝ። ተገልብጦ ታትሞ ይሆን? የክሮቹን የራሳቸውን አከራረር አየሁ፤ እሱ እንደኔው ወደ ቀኝ ነው። ተገልብጦ ቢሆን እሱም ወደ ግራ ይዞር ነበር፤ አልተገለበጠም። ስህተቱ የኔ። የእጄ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈትል የጠቀለልሁት በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ እናቴ እንዳስተማረችኝ።

ነገ 3 ሰዓት በሚኒባስ ይሄዳል። ማን ልብ ይላል? አልሁ። ቆይቼ ደግሞ፦ አንድ ሰው ልብ ቢል የሚያፍረው አምኖ የሰጠኝ ሰው ነው። ብፈታው ጭቃው ሊሰበር ይችላል፤ ሲባጎው በኮላ ተጣብቋል።

ሄጄ ለመ/ር ሰይድ ነገርሁት። ሞዴሉንና ሥዕሉን አስተያየ። ከዚያ እሱም ሳያየው ማለፉን አመነ። ምን እንደሚሻል ጠየቀኝ። እኔን! በጠዋት እገባለሁ አልሁት። ቁልፉን ሰጠኝ።

ዓርብ 8። ጤዛ። ብቻዬን።
ሱብሒ ሰግጄ 12 ሰዓት ላይ ከፈትሁ። ኮላውን በምላጭ ላጥሁ። አንዱ እንክብል ጫፉ ተፈረፈረ፤ በጭቃ ደፈንሁት፤ እስኪጠነክር ጠበቅሁ። መጠምጠም ስጀምር ቀኝ እጄ የለመደውን ሊያደርግ ሄደ። ሞዴሉን በጉልበቶቼ መሐል ያዝሁ። ቀኝ እጄን ወደ ኋላዬ አደረግሁ። በግራዬ ጠመጠምሁ። ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆምሁ። ከውስጥ ጠበበ፣ ከውጭ ተከፈተ። ከሥዕሉ ጎን አቆምሁት። ወደ ግራ። ካርቶን ውስጥ ከትቼ ዙሪያውን ጥጥ ጠቀጠቅሁ። 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ለመ/ር ሰይድ አስረከብሁ። ተመልሼ ወለሉን ጠረግሁ።