ከማሽኑ ሥር የካቡት ድንጋይ

ውድ አባቴ፣

ይህን ደብዳቤ ደብሬ ታነብልዎታለች። ደብሬ እህቴ፣ አደራሽን፣ የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊ፤ አባባ ሁሉንም ይስሙት።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ እላለሁ እንጂ እንዴት እንደተረፍኩ እስካሁን አልገባኝም። ከማክሰኞ ጀምሮ ማንኪያ እንኳ ሲወድቅ ዘልዬ እነሳለሁ።

የልጅዎን ሥራ ሊያዩ ከፃግብጂ ድረስ መጥተው፣ ለውኃ ቧንቧ ከምንቆፍረው ቦይ ዳር በተቀመጡበት በዚያ ማክሰኞ፣ ትንሿ መቆፈሪያ ማሽን፣ ኤክስካቫተሯ፣ የምትሄድበት የብረት ሰንሰለት ከጥርሱ ወጣብኝ። በክንዷ ጫፍ ያለውን መዛቂያ፣ ባኬቱን፣ ወደ ጎን አዙሬ መሬቱን ስጫነው ማሽኗ በገዛ ክንዷ ተደግፋ አንድ ጎኗን ከመሬት አነሳች። እርስዎ ደንግጠው ብድግ አሉ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ልታይ ባይነቴ መጣ።

"ልጄ፣ አሁን ይህን ጉድ ምን ይዞት ነው የቆመው?" አሉኝ።

"ሃይድሮሊክ ነው አባባ። ዘይት።"

"ዘይት? ዘይትማ ይፈሳል።"

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እርስዎ ጋቢዎን አስቀምጠው ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን ድንጋይ እየመረጡ ከተነሳው ጎን ሥር መካብ ጀመሩ፤ እያንዳንዱን በእጅዎ እየነቀነቁ፣ የተነቃነቀውን እያወጡ። ያን ጊዜ ነው የጮኽኩብዎ። "አባባ፣ ሥራ አያስፈቱን! እርከንዎን እዚያው ፃግብጂ ይካቡ!" አልኩ፣ ያውም በሰው ፊት። የመጨረሻዋን ድንጋይ አስገቡ፣ እጅዎን አራገፉ፣ ጋቢዎን አነሱና ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ መንገድ ጀመሩ።

አብሮኝ የሚሠራውን ኪዳኑን "ይህን ኮተት አንሳልኝ፣ መግቢያ አጣሁ" አልኩት።

"እያዩኝ አላፈርስም" አለ። "ሽማግሌ የደከሙበት ነው፣ ነውር ነው። መታጠፊያውን ይለፉ፣ ከዚያ አነሳዋለሁ።"

ተናድጄ ሰንሰለቱን ልመልስ በቀረው ክፍተት ገባሁ። በጀርባዬ ተኝቼ ጭቃውን ከሰንሰለቱ ስፍቅ የዘይቱ ቱቦ ፈነዳ። አባባ፣ የሰማሁት አንድ "ጧ!" ብቻ ነው። ዘይቱ እጄን ለበለበኝ፣ ብረቱ ወረደ፣ ካቡ ላይ ሲያርፍ ድንጋዮቹ ተንቋቁና እዚያው ቆመ። በደረቴና በብረቱ መካከል አንድ ስንዝር አልነበረም። ከካቡ አንዲት ድንጋይ እንኳ አልወጣችም። ኪዳኑ እግሬን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ሞቼ ነበር እኮ፣ አባባ!

አሁን የሚያሳፍረው መጣ፤ ደብሬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። እርስዎ ገና መታጠፊያው ላይ ነበሩ። ድምፁን ሰምተው ዘወር አሉ። ኪዳኑ ሊጠራዎ አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። ከሞት ወጥቼ የእርስዎን ዓይን ማየት ፈራሁ። በዚያ ዘይት በነካው እጄ "ምንም የለም፣ ይሂዱ" ብዬ አወዛወዝኩልዎ። ትንሽ ቆመው አዩኝና ሄዱ።

ይቅርታዬን በደብዳቤ አልልክም። የጮኽኩብዎ በሰው ፊት ነው። እሑድ እዚያው መጥቼ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ አገሩ ሁሉ እየሰማ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ያን ጊዜ ግን እባክዎ አባባ፣ እኔ እንዳደረግሁት "ሂድ" ብለው እጅዎን አያወዛውዙብኝ።

በካብዎ የተረፈው ልጅዎ
ዓለምነህ፣ ከሰቆጣ