አሥረኛው ገጽ

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከሰዓት።

ዛሬም መጽሐፉን ቁጥር ዘጠኝ ላይ ዘጋሁት። አንድ ግመል፣ ሁለት ባጃጅ፣ ሦስት ዶሮ እያልን ዘጠኝ ፓፓያ ደረስን። ከዚያ ጠቅልዬው ወደ መዝሙር። አርባ ሁለት ልጅ፣ አንድም ቅር ያለው የለም። ገና አንደኛ ያልገባ የኦ ክፍል ልጅ መዝሙር ካገኘ ምን ቸገረው።

መጽሐፉ የራሴ ሥራ ነው። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አጥቤ፣ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ በማርከር የሣልኩት። አሥር ገጽ አለው። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ። አሥረኛውን ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጆች አልገለጥኩትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። 10፡30።

ጉዴ ፈላ። ር/መምህሩ አቶ አበራ ድንገት ክፍል ገባ። ልጆቹን እስኪ ቁጠሩልኝ አላቸው። ዘጠኝ ድረስ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ቆጠሩ። ከዚያ አርባ ሁለቱም እኩል ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ጸጥ አሉ። መጽሐፍ መዝጋታቸው ነው። እኔን ነው የቀዱት።

አቶ አበራ ሳቀ። ፊት የተቀመጠችውን ለይላን አስነሥቶ ከዘጠኝ በኋላ ምን እንደሚመጣ ጠየቃት። መዝሙር አለችው።

ውጭ ሲያወጣኝ ግን አይስቅም። የሚመጣው ማክሰኞ ከወልድያ ሱፐርቫይዘር ትመጣለች። የእኔን የሥዕል መጽሐፍ ለሌሎች የሀብሩ ወረዳ ት/ቤቶች ለማሳየት ታስቧል። አሥር የማይሞላ ክፍል ይዘሽ አታዋርጅኝ ነው ነገሩ። እሺ አልኩ።

ከአርባ ሁለት ልጅ ለይላን ማስነሣቱስ? የሰሚራን እህት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3።

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ጥቅምት ላይ። አሥረኛው ገጽ ዋርካ ሥር የተቀመጡ አሥር ልጆች ነው። እውነተኛ ልጆች ናቸው፣ የዚያን ጊዜ ተማሪዎቼ። ግቢው ውስጥ ደርድሬያቸው እያየሁ ሣልኳቸው። አሥረኛዋ ሰሚራ፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረችው። እያንዳንዳቸውን በጣቴ እየጠቆምኩ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።

እናቷ እትዬ ዘሐራ ሊወስዷት መጥተው አዩኝ። ልጅ እንዲህ በጣት አይቆጠርም፣ ከቆጠርሽም ማሻአላህ በዪ አሉኝ። እናቴም የምትለው ይህንኑ ነው። የእኛ አገር ሰው ስንት ልጅ አለህ ሲሉት «አሉ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፋል እንጂ ቁጥር አይወጣውም። እኔ ግን ከኮሌጅ ትኩስ የወጣሁ ነኝ። ይሄ ሒሳብ ነው እትዬ፣ ብዬ ሳቅሁባቸው።

ወር ሳይሞላ ሰሚራ ሞተች። ወባ። ስድስት ዓመቷ ነበር።

ቆጠራ ሰው ይገድላል ብዬ አላምንም። ገጹንም አልገልጥም። እንዲህም ይኖራል ለካ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ በሩን ዘግቼ ገለጥኩት። ማርከሩ ደብዝዟል፣ ቢጫው ብቻ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሆኑብኝ። እንደገና ቆጠርኩ፣ አሥር። አንዷን ሁለቴ ነክቼ ነው። የትኛዋን እንደሆነ አልጽፍም።

ወሰንኩ። ነጭ ቀለም ገዝቼ ልጆቹን አጥፍቼ አሥር ማንጎ እሥልበታለሁ። ማንጎ ሲቆጠር የሚቆጣ እናት የለውም። መጽሐፉን ቤት ይዤው መጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7። ማታ 1፡00።

እጄ ቀለም አልነካም። ገና ቆርቆሮውን ልከፍት ስል እትዬ ዘሐራ በር ላይ ቆመዋል። ከቀብሩ ወዲህ እግራቸው ቤቴን ረግጦ አያውቅም። ለይላ፣ «ቲቸር የማትከፍተው ገጽ አለ» ብላ ነግራቸው ኖሯል። ሊያዩት ነው የመጡት።

ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁላቸው። ተንበርክከው ረጅም ጊዜ አዩ። የልጃቸው አንድም ፎቶ የላቸውም። ጣታቸው ከቢጫው ሻሽ ሥር አፏ ላይ ቆመ።

«የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር ለካ» አሉ። «ረስቼው ነበር።»

አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ሁሉንም አወጣሁት። መቁጠሬ ነው፣ ነግረውኝ ነበር፣ ሳቅሁብዎት አልኳቸው። አስጨረሱኝ። ከዚያ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፦

«መቁጠርሽንስ አልያዝኩብሽም። አላህ የጻፈላትን ያህል ነው የኖረችው። እኔ ምች መስሎኝ ዳማከሴ ሳሸታት ሦስት ቀን ከትምርት ቀረች። አንቺ የተማርሽው ብቅ ብለሽ ልጄን አላየሻትም። እሱን ነው የያዝኩብሽ።»

የሽንኩርት ሰሞን ነበር፣ ማሳ ያዋሏት መስሎኝ ነበር አላልኳቸውም። የዚያ ዓመት መዝገብ እዚሁ ሣጥኔ ውስጥ አለ። ሲወጡ አየሁት። በቀይ እስክርቢቶ፦ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ። በራሴ ጽሕፈት፣ አምሮ የተጻፈ። ጤ/ጣቢያው ከት/ቤቱ አጥር ጀርባ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቆጠራውን ስፈራ ኖርኩ። እሱ ይሻለኝ ነበር። እግሬን ስላልሄደበት መንገድ ከመጠየቅ ጣቴን መጠየቅ ይቀላል።

ሲሄዱ የቀለሙን ቆርቆሮ አይተው አታጥፊያት አሉኝ። ለይላ የእህቷ መልክ ጠፍቶባታል፣ አሳዪልኝ አሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9።

ሱፐርቫይዘሯ መጣች። ገለጥኩት። ለይላ ወጥታ ቆጠረች። ዘጠኝ ላይ ልጆቹ መዳፋቸውን ሊገጥሙ ሲሉ እሷ ቀጠለች። ጣቷን ሻሹ ላይ አሳርፋ አሥር አለች። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞራ ይቺ እህቴ ናት አለቻቸው። ማንም አልሳቀም። በሆዴ ማሻአላህ አልኩ። ቢሆንም ባይሆንም ብዬ።

ሱፐርቫይዘሯ ወደደችው። አቶ አበራ እንደ ሙሽራ አባት ሲንጎራደድ ዋለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለይላ ስትወጣ ጀርባዋን እያየሁ ቀረሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ጠዋት 2፡40።

ለይላ አልመጣችም።

ስም እየጠራሁ ነው። እስክርቢቶው ስሟ ላይ ቆሟል። ጎረቤቷ፣ የክፍሌ ልጅ ራውዳ፣ ለይላን ትናንት ማታ ሲያንቀጠቅጣት ነበር፣ ራሷን በሻሽ አስረዋታል አለችኝ። ትናንት ነው የቆጠረችው። ትናንት፣ እዚሁ ቦታ፣ እኔ ገልጬላት። በቃ፣ ይህን አሁን አላስብም።

አቶ አበራ ጋ ሮጥኩ። እስከ እረፍት ጠብቂ አለ፣ ለሱፐርቫይዘሯ የሚላክ ሪፖርት አለ አለ። ጉንፋን ይሆናል፣ በአንድ ቀን መቅረት ምን አስደነገጠሽ አለ። ክፍሉን ያዝልኝ አልኩት። ደመወዝሽ ይቆረጣል አለ። ይቆረጥ።

ልጆቹን እሱ ያስቆጥራል። በር ላይ ቆሞ እያየኝ ነው የምጽፈው። ከስሟ ፊት ያለውን ቦታ ባዶ ተውኩት፣ ቀሪ የሚለውን እጄ አይጽፈውም። ወደ ቤታቸው እየሄድኩ ነው። ምች ነው ቢሉኝም አልሰማም፣ በጀርባዬ አዝዬ ጤ/ጣቢያ ሳላደርሳት አልመለስም። የጠራሁት ባጃጅ ውጭ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፣ ሌላውን ስመለስ።