አረንጓዴ የቀባሁት ምድጃ

እሑድ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1926

ዝናብ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግሪኩ ነጋዴ ዕቃውን በበቅሎ ሲያስጭን ደረስኩ። አገሩ ሊገባ ነው። አንዲት የብረት ምድጃ መጫኛ አጥታ ቀርታለች... አራት እግር፣ ሆዷ ለከሰል፣ ከላይ ለሥጋ መጥበሻ ፍርግርግ። ካፖርቴን ሰጥቼ ወሰድኳት። በዚህ ክረምት ካፖርቱን የሚሰጥ ሰው ጤነኛ ነው?

ሚስቴ ብርሃኔ ስታያት በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገቻት። ፍርግርጉ ዝጎ ቀልቷል፣ ጎኗ ቀለሙ ተላልጧል።

"በዚህ ማን ሊበላ ነው?"

"ወንድምሽ" አልኳት። አላመነችኝም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 22

ለራሴ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ሶርሳ ከተጋባን ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ደጃችንን አልረገጠም። የነፍጠኛ ልጅ እህቴን ወሰደብኝ ብሎ። ብርሃኔ ስሙን ስታነሣ ድምፅዋ ይቀየራል። እሷ ሳታውቅ ወደ ቦምቤ በሚመለስ ገበያተኛ ላክሁበት... ለመስቀል ና ብዬ። ቢመጣ ምን ላብላው? ቤቱ የማያገኘው ነገር መሆን አለበት። ጥብስ! በፈረንጅ ምድጃ!

እሑድ፣ ነሐሴ 27

በሎሚና በጨው፣ ከዚያም በአሸዋ ፈተግሁ። ጣቶቼ ተላጡ። ዝገቱ ግን ለቀቀ፣ ብረቱ ነጣ! ከጣራው ሥር አስቀምጬ ብቻዬን ዘፈንኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 28

ዝገቱ ተመልሷል። ከትናንቱ ብሶ። ጨውን ሳላጥብ ትቼው ኖሯል... በዚህ እርጥበት!

ጎረቤታችን እሜቴ አገርነሽ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው "ሎሚና ጨው ካልበቃው በርበሬ ጨምርበት፣ ደገፉ" አሉኝ። መንደሩ ሁሉ ሰማ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 5 ቀን 1927

ከገበያ መልእክት ደረሰኝ። ሶርሳ ይመጣል!! ለብርሃኔ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ የተጠረገውን ቤት እንደገና ጠረገች። "በእኛ በጊፋታ የተጣላ ይታረቃል" አለች። ጊፋታ የነሱ ዘመን መለወጫ ነው። እሱም ያንን አስቦ ይሆን?

ምድጃዋስ? ዛሬ መላ መጣልኝ። የምሠራበት ጽሕፈት ቤት በር ሲቀባ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም አለ። ዝገቱንም የተላላጠውንም አንድ ላይ ይሸፍናል። እስከ ዛሬ እንዴት አልታየኝም?

ማክሰኞ፣ መስከረም 8

ውስጧንም፣ ውጪዋንም፣ ፍርግርጉንም። ሁለት ሁለት ጊዜ። ምን የመሰለች ምድጃ ሆነች!

ዓርብ፣ መስከረም 18

ትናንት... ከየት ልጀምር?

ሶርሳ በጠዋት ደረሰ። አንድ ማሰሮ ቅቤ ለእህቱ ሰጠና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ለእኔ ሰላምታ ብቻ። ብርሃኔ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ከቅርጫው የደረሰኝን ጎድን አወጣሁ፣ ከሰሉን አቀጣጠልኩ፣ ሥጋውን ጣል አደረግሁ።

ቀለሙ መጀመሪያ አላበው። ቀጥሎ አረፋ ደፈቀ። ከዚያ ጭስ... ምን ዓይነት ጭስ! ምን ዓይነት ግማት! እሜቴ አገርነሽ "ቤት ተቃጠለ!" እያሉ እንስራ ተሸክመው መጡ። ጎድኑ አረንጓዴ ሆኗል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብርሃኔ ፊቷን ሸፈነች። አለቀልኝ አልኩ፤ አሁን ተነሥቶ ይሄዳል።

ተነሣ። ምድጃዋን ዞሮ አያት። ከዚያ ሳቀ፣ ሆዱን ይዞ።

"አንተ! ለብረት ልብስ ታለብሳለህ እንዴ?"

ጋቢውን ለእህቱ ወርውሮ ቢላውን አወጣ። "ይኼ ብረት ቀለም አይፈልግም። እሳት ይፈልጋል፣ ሞራ ይፈልጋል። ከሰል ጨምር!" ጨመርኩ። ቀለሙን አቃጥሎ አረገፈው፤ ያልረገፈውን ከነዝገቱ ፋቀው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። ብረቱ እንደጋለ ሞራ አሸንበት። ጠቆረ፣ አብረቀረቀ። የተላላጠውን ጎኗንስ ብለው "ተወው፣ እሱ አይበላም" አለኝ። እሱ ያዛል፣ እኔ እሮጣለሁ። ደስ ይላል መታዘዝ!

እንግዲህ ልጥበስ ብዬ የራሴን ቢላ ሳነሣ ደግሞ ከእጄ ነጠቀኝ። "ለመስቀል ሥጋ የሚጠብስ ማነው? ጥሬውን አምጣ!"

ለካ አንድ ወር የለፋሁት ጥሬ ለሚበላ ሰው ነው። ወላይታ ውስጥ ኖሬ ይህን እንዴት ዘነጋሁ? ብርሃኔ ማባያውን ዳጣ አቀረበች፣ ጠገብን። ማታ ግን የተረፈውን ጎድን ጠበስኩ። ሶርሳ አጥንቱን እስኪነጣ ጋጠው። "ይኼም ይበላል" አለ፣ ሌላ እያነሣ።

እሑድ፣ ጥቅምት 4

ከቦምቤ ተመለስን። ሶርሳ ነው የጠራን፣ ከነምድጃዋ። እሱ ደጅ ስንጠብስ ጎረቤቶቹ ከበቡን። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ እያመለከቱ አንድ ነገር ጠየቁት። ሶርሳ በወላይትኛ ረዘም አድርጎ መለሰ፣ ሰዉ ሁሉ እኔን እያየ ሳቀ። ቋንቋውን ገና በደንብ አልሰማም።

መንገድ ላይ ብርሃኔን ጠየቅኳት፣ ምን ብሎ ነው?

"'ብረት ቀለም የሚቀባው ወንድሜ ነው' አላቸው።"

"ወንድሜ አለ?"

"አለ።"

ከቦምቤ ሶዶ ቤታችን እስክንገባ ደጋግሜ "አለ" አስባልኳት።