ቤት የሚመታ ግጥም

ታኅሣሥ 14
የኬሚስትሪ ፈተና። አልሠራሁም አይባልም… ተቀምጬ ወጣሁ።
ከሰዓት ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገባ። ካሜራው ተርፏል፣ ድምፁ ግን ሞቷል። ማዳመጫ ብሰካም ዝም። ያያል፣ አይናገርም። ልክ እንደ ሰፈራችን ሽማግሌዎች።
ሜዳው ላይ የገና ጨዋታ ተጀምሯል። እኛ ላይ ሰፈሮች፣ እነሱ ታች ሰፈሮች። እነሱ የሺዋስ አላቸው። አሥረኛ ክፍል ነው፣ ከኔ ጋር። ከእናቱ ጋር ከሰሜን ተራሮች፣ ከጊች የመጣ። ዱላውን ይዞ ሲሮጥ የእንጨቷ ኳስ፣ ሩሯ፣ ራሷ የምትከተለው ነው የሚመስለው። ዛሬ ብቻውን ሦስት አገባ። የኛ አለቃ ወንድሜ ሸጋው ተናዶ ራቱን ሳይበላ ተኛ። ሃያ ዓመቱ ነው እኮ!

ታኅሣሥ 20
የሺዋስ ጥር 18 ጎንደር ሊሄድ ነው። የሩጫ ምርጫ። ካለፈ ማሰልጠኛ ይገባል፣ እዚያው እየኖረ ይማራል። መምህር ቴዎፍሎስ፣ የስፖርት አስተማሪያችን፣ ክፍል ፊት አቁሞ አስጨበጨበለት። እናቱ እማማ በለጠች የመሮጫ ጫማ ገዝተውለት ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። እስከ ጥር 18 አይነካም።
"አንዴ እንኳ አልለካኸውም?"
"ለክቻለሁ። አልጋ ላይ ቆሜ… መሬት አልነካሁበትም።"

ታኅሣሥ 24
ሸጋው ግጥም ጻፊልኝ አለ። ገና ላይ ሰው የሚሳደበው በግጥም ነው። የእነ ሸጋው የአምና ግጥም አያ ደምለውን አስተኝቷቸዋል። (አያ ደምለው ግን ቆመውም ይተኛሉ። የሰፈራችን አስታራቂ ናቸው፤ እርቅ ላይ የሚነቁት ጠላ ሲቀዳ ነው።)
"ለሳምንት ውሃ አንተ ትቀዳለህ" አልኩት።
"እሺ። ግን የራሴ ነው ነው የምለው።"
"ማን ሊያምንህ!"
ይኸው፦

የጊቹን ዋልያ ነፋስ ነፋስ አሉት፣
ጾም ሊፈታ አይደል፣ ቅልጥም ቅልጥሙን በሉት።

ሰሙ፦ ገና ሲደርስ ጾም ይፈታል፣ ቅልጥም ይበላል። ወርቁ… የየሺዋስ እግር፣ ዱላ። ቤት ይመታል! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጎበዝ ነኝ።

ታኅሣሥ 29
ገና። የሺዋስ እግሩ ተሰበረ።
ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ታኅሣሥ 30
ሰብሰብ ልበል።
ከሰዓት ነበር። ግማሽ ደባርቅ ሜዳው ላይ። እኔ ድንጋይ ላይ ወጥቼ እቀርጻለሁ። ልጆቹ ግጥሜን ይዘፍናሉ፣ ሰው ይስቃል። የሺዋስ አራተኛውን አገባ። ከዚያ ሩሯ ወደዚያኛው ጫፍ ሄደች፣ ሁሉም ተከተላት። የሺዋስ ብቻ ቀረ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሸጋው ከኋላው መጣ። ቀው… እንደ ደረቅ ጭራሮ። ከዚያ ያለው ትዝ አይለኝም።
ሆስፒታል ነው። አጥንቱ ሁለት ቦታ ነው አሉ።
ሸጋው፦ "ሩሯን ስመታ ነው።"
አያ ደምለው ነቁና፦ "በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ!"
ሁሉም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ። በቃ። ተዘጋ።
ጌታ አይቆጣም፣ እሺ። ድሃስ?

ጥር 3
ቪዲዮውን ስንት ጊዜ አየሁት? ያለ ድምፅ። ሩሯ ሃያ እርምጃ ትርቃለች። ሸጋው ግራ ቀኙን ያያል። ከዚያ ዱላውን በሁለት እጁ…
"ሩሯን ስመታ"? የቷን ሩር?
መምህር ቴዎፍሎስ ክፍል ውስጥ ስለ አንድ የአውስትራሊያ ጨዋታ ነገረን። ኳሳቸው እንቁላል ትመስላለች። ሲጋጩ አይጣል ነው፣ ግን ሕግ አለው። ኳስ በሌለበት ሰው የመታ፣ ዳኛው ባያየው እንኳ፣ በኋላ ቁጭ ብለው ቪዲዮውን አይተው ያግዱታል።
"ሽማግሌዎቹስ ምን ይላሉ?" አልኩ።
ክፍሉ ሳቀ። የምሬን ነበር።

ጥር 6
ለአባዬ አሳየሁት። ቀበሌ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ "ማስረጃ አምጡ" ሲል ይውላል። አመጣሁለት። ሁለት ጊዜ አየ። መነጽሩን አወለቀ።
"አጥፊው።"
"አባዬ፣ ማስረጃ እኮ…"
"ወንድምሽ ነው፣ ሊያ።"
አላጠፋሁትም። ለሌላ ሰውም አላሳየሁም። እኔም ስልኬን ሆንኩ… አያለሁ፣ አልናገርም።

ጥር 9
እርቅ፣ እኛ ቤት። የንስሐ አባታችን አባ ተክለ ማርያም መሀል። አያ ደምለው ጠላው አጠገብ። እማማ በለጠች በሩ ጋ፣ ልጅ እንደሞተበት ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው።
"እመት በለጠች፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አሉ አባ።
"እኔ ምን እላለሁ አባቴ… ልጄን ዱላ መታው አላችሁኝ። ዱላውን ሰው ይዞት ነበር ወይ? እሱን ብቻ ንገሩኝ።"
አባዬ ምንጣፉን ያያል።
አያ ደምለው ያችኑ "አይቆጡም ጌታ" ደገሟት። ሸጋው ድንጋይ ተሸክሞ እማማ በለጠች እግር ላይ ወደቀ። "ሳላውቅ ነው" አለ። አነሱት። ይቅር አሉት። ተበላ፣ ተጠጣ።
ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ… ጠላ ቅጂ አሉኝ፣ ቀዳሁ።

ጥር 13
አልቻልኩም። ለራሱ ለየሺዋስ ወሰድኩለት። እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የጫማው ሣጥን ራስጌው ነው፣ እንደተቆለፈ።
"ስልክሽ ዲዳ አይደል? በኔ እንየው" አለ። በብሉቱዝ ላክሁለት።
ድምፅ ነበረው።
ልጆቹ ይዘፍናሉ። ከሁሉም በላይ ግን፣ እጅግ ቀርባ፣ አንዲት ሴት፦ "ሸጋው! ቅልጥሙን በለው! አሁን! ቅልጥሙን!" ከዚያ ቀው። ከዚያ… ሳቅ። ረጅም ሳቅ።
የማን ሳቅ ነው ብዬ አሰብኩ እኮ። እግዚኦ… ለአፍታ አሰብኩ።
የሺዋስ ዘጋው።
"ግጥሙም ያንቺ ነው?"
"አዎ።"
"ገብቶኝ ነበር። ሸጋው መች ይችላል።"
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "በይ ሂጂ፣ ሊያ።"

ጥር 18
ዛሬ ነበር።

ጥር 20
ለሸጋው ነገርኩት። ቪዲዮው እንዳለ፣ ድምፄ እንዳለበት።
"አንቺም ካለሽበትማ አታሳዪም" ብሎ ሳቀ። ሳቁ የኔን ይመስላል።

ጥር 21
ማርያም። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ነበር። አባዬም አለ። የመምህር ቴዎፍሎስን ስልክ ተውሼ፣ ቪዲዮውን ጭኜበት ሄድኩ። አባ ተክለ ማርያም ፊት ያዝኩት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ።
አያ ደምለው አንዴም አላንቀላፉም።
"ይህች የምትስቀው ማን ናት፣ ልጄ?" አሉ አባ።
"እኔ ነኝ፣ አባ።"
"በገና ጨዋታ…" ብለው ጀመሩ አያ ደምለው። አልጨረሷትም።
እማማ በለጠችን አስጠሯቸው። ቪዲዮውን ግን አላየውም አሉ፤ ቆመው ብቻ ጠበቁ። አባዬ ተነሣ። ቆቡን አወለቀ።
"ዱላውን ሰው ይዞት ነበር፣ እመት በለጠች። ልጄ።"
ወደ እኔ አየ።
"ልጆቼ" አለ።

የካቲት 16
ጀሶው ከተፈታ ሳምንት ሆነው። አንዱ እግሩ አጥሯል። እንደ ድሮው አይሮጥም፣ ብለውታል።
በአባ ፍርድ ሸጋው በየቀኑ ለእማማ በለጠች ውሃ ይቀዳል። ለሁለት ዓመት የገና ዱላ አይነካም። እኔን ማንም አልቀጣኝም። "እሷማ አፏ ነው እንጂ እጇ የለበት" አሉ አያ ደምለው። ድሮ ቢሆን ለዚህች አንድ መልስ አላጣም ነበር።
ዛሬ ከትምህርት ቤት ስንወጣ የሺዋስ በምርኩዝ ከፊቴ ይሄዳል። አራት ሕፃናት ጎማ እያንከባለሉ መጡ።
"የጊቹን ዋልያ፣ ነፋስ ነፋስ አሉት…"
ሙሉውን። አንዲት ቃል ሳይስቱ። ለእነሱ ዘፈን ነው፣ ስለ ማን እንደሆነም አያውቁ። ቪዲዮውን ማጥፋት ይቻል ነበር… ይህን ከማን አፍ አጠፋለሁ?
ላባርራቸው ድንጋይ አነሣሁ። የሺዋስ ዞረ። በይ ሂጂ ካለኝ ቀን ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም።
"ተያቸው" አለ። "ምን ያርጉ፣ ቤት ይመታል።"
ሄደ። ምርኩዙ፣ እግሩ… ምርኩዙ፣ እግሩ።
ከኋላው ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ደባርቅ ውስጥ እሱን የቀደመ ሰው አልነበረም። እኔ አልጀምርም።