ስለ ቪራጅ የተላጨ ራስ

ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ አማካሪዎችዎ፣ በተለይም የጥላቻ ምልክቶችን የሚያሳድደው ትጉህ ክፍልዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ እርስዎ ይመስገኑ፣ ደንግጠን ተቀምጠናል።

የምጽፍልዎ ስለ ሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ስለ ቪራጅ ራስ ነው። እኛ ሂንዱዎች የልጅን የመጀመሪያ ፀጉር እንላጫለን፤ ከዚያም ፓንዲቱ፣ ማለትም ካህናችን፣ ለዕድሜና ለበረከት በተላጨው ራስ ላይ በእርድና በሰንደል ስዋስቲካ የተባለውን ባለ አራት ክንድ የበረከት ምልክታችንን ይስሉበታል። በራሱ ጊዜ እስኪለቅ በእጅ አይነካም። አያቶቻችን ከህንድ ወደ ሱሪናም፣ እኛም ከሱሪናም ወደ ኔዘርላንድ ስንሻገር ይህን ሥርዓት አልተውንም። ምክር ቤትዎ ምልክቱ በአደባባይ እንዳይታይ ትእዛዝ ካወጣ ወዲህ ግን በኔ ዘመን እንዳይቀር እፈራለሁ። በዚህ አገር በተላጨ ራስ ላይ፣ ናዚዎችም የወሰዱት ያ ምልክት ሲታይ ምን እንደሚታሰብ አላጣሁትም፤ ባለራሱ ግን የሕፃን ጋሪው ውስጥ ሆኖ ሙዝ ይበላ ነበር።

1. ፖሊሶችዎ ስለደረሱበት ፍጥነት ከልብ አመሰግናለሁ። አምና ጎረምሶች የቤተ መቅደሳችን በር ላይ የናዚዎቹን ምልክት በጥቁር ቀለም ሲሞነጫጭሩበት “ማስረጃ ነውና አትንኩት” ተብለን፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልነካነውም። የቪራጅን ግን አንዱ ፖሊስ እዚያው መንገድ ላይ በእርጥብ መሐረብ ጠረገው። ልጁ ይጮሃል፤ እናቱ፣ ልጄ ሺላ፣ “እኔ ልጥረገው፣ እባክህ እኔ ልጥረገው” ትላለች። ድምፅዋ ከጆሮዬ አልወጣም።

2. ቢሮዎ “ከውጭ እስካልታየ ድረስ በቤት ውስጥ ይፈቀዳል” ሲለን መጋረጃችንን ዘጋን። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ባለሥልጣንዎ መጥተው መጋረጃው ሁልጊዜ ለምን እንደሚዘጋ በትሕትና መረመሩን።

3. የሃይማኖት ጉዳይ አማካሪዎ ደግሞ “አንዱን ክንድ ብትቀንሱለትስ?” ብለውናል። በአደባባዩ ቤተ ክርስቲያን መስቀል ላይ ይህንኑ ማሻሻያ የሚጀምሩበትን ቀን በጉጉት እጠብቃለሁ።

4. ይህኛው ቅሬታ አይደለም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሄንድሪካ አባታቸውን ናዚዎች ወስደው አልመለሱላቸውም። የቪራጅን ራስ ሲያዩ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ተንቀጠቀጡ። ውሃ ወሰድኩላቸው። “የናንተው ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ እኮ፣ የኔ እህት፤ ይሄ ጉልበቴ ነው የማያውቀው” አሉኝ፤ አብረን አለቀስን። ለሳቸው ባዝን ልጄን እበድላለሁ፣ ለልጄ ባደላ እሳቸውን አሳምማለሁ፤ መሄጃው ጠፍቶኛል። እኛ ሁለት አሮጊቶች ደጃፍ ላይ የተነጋገርነውን ያህል ምክር ቤትዎ ትእዛዙን ከማውጣቱ በፊት ቢነጋገር ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ።

ለደህንነታችን ሲሉ በአደባባይ ስላሳፈሩን ምስጋናዬን ደጋግሜ እያቀረብኩ፣ ረጅም ዕድሜና ረጅም የሥልጣን ዘመን እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማያቋርጥ ጥንቃቄ ጋር፣
ኢንድራዋቲ ጃግሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሺላ በቅርቡ ሁለተኛ ልጇን ትወልዳለች። ትናንት ለፓንዲቱ ደውላ “ለዚህኛው አይምጡ” አለቻቸው። ትእዛዝዎ የማንንም እምነት እንደማይነካ በግልጽ የተጻፈበትን አንቀጽ አውጥቼ ላነብላት ስል፣ “ተይው እማ፣ እሱን ለቪራጅ አንብቢለት” አለችኝ።