የረጅሙ ሞተር ዋጋ

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለቹስኪት፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? የቼናይ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ሆስፒታል ቆመሽ ስትውዪ ይነሳብሻል? ባለቤትሽ ጋሽ ሪንቸንስ ደኅና ናቸው? ልጅሽ ናምጊያል ትምህርት ቤት መግባቱን ከእናታችን ሰምቼ ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር። እኛ ቤት ባለቤቴ ሞሩፕ ደኅና ነው። አማቴም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደኅና ናቸው። አፕሪኮቱ ዘንድሮ ቅርንጫፍ እስኪሰብር አፍርቶ ጣራው ሙሉ ስጥ ነው። ደኅና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። አትደንግጪ፣ ትኩሳትም ሳልም የለኝም፤ የእኔ በሽታ አንቺ በምትሠሪበት ሆስፒታል መርፌ የሚገኝለት አይደለም። በስልክ እንዳልነግርሽ አማቴ ካጠገቤ አይጠፉም፤ ጆሯቸው ደግሞ ከጉልበታቸው በጣም ይሻላል። ስለዚህ ወረቀት አነሣሁ። ለእናታችን እንዳታነቢላት አደራ።

ኩንዜስን ታውቂያታለሽ፤ የሞሩፕ ታናሽ ወንድም የጂግመት ሚስት፣ ያቺ አጭሯ፣ ስትስቅ ጉንጯ የሚሰረጎደው። እኔ በዚህ ቤት የመጀመሪያዋ ምራት ሆኜ ስንት ክረምት በረዶ ጠርጌ ያላገኘሁትን ምርቃት እሷ አንዴ ፈገግ ብላ ታገኘዋለች። እኔ የሞሞ ሊጥ በሥጋ ሞልቼ ስቀቅል አማቴ «ጨው በዛው» ይላሉ። እሷ ስታሳርረው «ልጄን ደክሟት ነው እኮ» ይላሉ። እስቲ አንቺ ፍረጂ።

አምና መስከረም ላይ ከደቡብ የመጡ የአንድ ፋብሪካ ሰዎች ገና ለገበያ ያልወጣ ሞተር ጭነው እዚህ ሌህ ደረሱ። ለአቀበትና ለኮረኮንች የተሠራ፣ የጀብዱ ሞተር የሚሉት ዓይነት ነው፤ ቁመቱ የፈረስ ያህላል። ቀን ቀን በካርዱንግ ላ አቀበት ሲያመላልሱት ይውላሉ። ማታ የት ቢያርፉ ጥሩ ነው? ኩንዜስ ቤት! በዚህ ከተማ ሞተር በማከራየት የታወቅነው እኛ ነን፤ የእኛን ስምንት አሮጌ ሞተሮች የማያውቅ ሹፌር የለም። ይሁን እንጂ እሷ የእንግዳ ማረፊያ አላት፣ ሳቅም አላት። ብዙም ሳይቆይ «ኩንዜስና ጂግመት የአዲሱ ሞተር ወኪል ሊሆኑ ነው» የሚል ወሬ ገበያውን ሞላው። አንጀቴ ድብን አለ።

ከሰዎቹ አንዱ ቬንካት የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር። ሥራው ሞተሩ ስንት ቢሸጥ እንደሚያዋጣ ማጥናት ነው። መካኒኩንም፣ ነጋዴውንም፣ ወታደሩንም ጠይቆ ሲያበቃ እኛ ግቢ መጣና «እህቴ፣ ይህን ሞተር ሰው በስንት ይገዛዋል?» አለኝ። እውነቱን አውቀው ነበር፤ ከሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ሩፒ ካለፈ የዚህ አገር ሰው ዞር ብሎም አያየው። ወጣቱ የሚገዛው በብድር ነው፤ በረዶው መንገድ ሲዘጋ ሞተሩ ይቆማል፣ ወለዱ ግን አይቆምም። ይህን ልነግረው አፌን እንደከፈትኩ ኩንዜስ ከመንገዱ ማዶ ሆና «ቬንካት ወንድሜ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ!» ብላ ተጣራች። ወንድሜ! ደሜ ፈላ። «አራት መቶ ሃምሳ ሺህ በሉት፣ ይሻሙበታል» አልኩት። «አይበዛም?» ቢለኝ «ከዴልሂ የሚመጣው ሰው የጫማውን ዋጋ ብታውቅ እንዲህ አትልም ነበር» አልኩት። አጎንብሶ ጻፈ።

በዚህም አላበቃሁም። በማግስቱ ገዳም ወጥቼ የቅቤ መብራት አበራሁ። ሰው ለጤና፣ ለልጅ ይለምናል፤ እህትሽ የሞተር ዋጋ እንዲወደድ ለመነች። መነኩሴው «ስለ ምን ልጸልይልሽ?» ቢሉኝ «ስለ ቤተሰብ» አልኳቸው። ውሸትም አልነበረም።

በረዶው በወረደበት ክረምት ጂግመትና ኩንዜስ ቤታቸውን አስይዘው ከባንክ ተበደሩ፤ ስድስት ሞተርም አዘዙ። ጂግመት ወንድሙን «ና አብረን እንግባበት» ብሎት ነበር። ሞሩፕ ሲያማክረኝ «እሷ በምትስቅበት ሱቅ እኔ ወለል ልጠርግ?» አልኩት። ሄዶ ወንድሙን «ይቅርብኝ» አለው።

መንገዱ በግንቦት ሲከፈት ሞተሮቹ ከነዋጋቸው መጡ። አራት መቶ ሃምሳ ሺህ! እኔ ከአፌ ያወጣሁት ቁጥር፣ ራሱ። ደስ አለኝ፤ ደግሞም ፈራሁ። የሱቁ ምረቃ ዕለት ከተማው ሁሉ ተሰብስቦ በየመሪው ላይ የመልካም ምኞት ነጭ ሻርፕ አሰረ። ኩንዜስን ሞተሩ ላይ ውጪ አሏት። ብትወጣ እግሯ አየር ላይ ቀረ። አንዱ ሹፌር «መሰላሉ ለብቻው ነው የሚሸጠው?» ሲል ሁሉም በሳቅ አለቀ፤ ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ራሷ ነበረች። እኔ ብወጣ ሁለቱም እግሬ መሬት ይረግጥ ነበር፣ ቁመቴን ታውቂዋለሽ። ግን ማን ጠየቀኝ?

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሰብኩት ነው። ሰው ይመጣል፣ ሞተሩ ላይ ይቀመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። ጡረታ የወጡት ሻምበል «በዚህ ገንዘብ ሦስት ላምና አንድ አሮጌ ጂፕ ገዝቼ ለላሞቹ ሹፌር እቀጥርላቸዋለሁ» ብለው ሲወጡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠዋት ጠዋት መስኮት የምከፍተው ለንጹሕ አየር እንዳይመስልሽ። ስድስቱ ሞተሮች እንደቆሙ አቧራ ሲለብሱ ሳይ ቁርሴ ይጥመኝ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ሆኜልሻለሁ።

በነሐሴ የባንኩ ሰው የተያዘውን ቤት ሊያይ መጣ። ያን ዕለት አማቴ ሁላችንንም ወጥ ቤታቸው ሰበሰቡን። ኩንዜስ አልሳቀችም። ፊቷ ጠውልጎ፣ በሶው ፊቷ እንደቀረበ ሳትነካው ተቀምጣ ቆየችና በድንገት ማልቀስ ጀመረች። «ጥፋቱ የጂግመት አይደለም፣ የእኔ ነው» አለች። «ቬንካት ዋጋውን ሲጠይቀኝ ድሃ እንዳልመስል ብዬ አራት መቶ ሃምሳ ሺህ እኮ ምንም አይደለም አልኩት። ይሄን ጉድ በገዛ አፌ ነው ያመጣሁት።»

እታለም፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን ለማንም አልተናገርኩም። ያው ቁጥር፣ ከሁለት አፍ! እሷ የተናገረችው ለኩራት፣ እኔ ለተንኮል። «እኔም ብያለሁ» ልል ምላሴ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አማቴ ቀድመው እቅፍ አደረጓት፣ ጂግመት እንባዋን ጠረገላት፣ የእኔው ሞሩፕ እንኳ «አይዞሽ፣ ማን ያልቀበጠ አለ» አላት። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ፣ በዚያም ቀናሁባት። ስታገኝ ቀንቼ ነበር፤ ስታጣ ደግሞ ጥፋቷን በአደባባይ አውጥታ እንዲያ መታቀፏ አስቀናኝ። የእኔ ጥፋት ደረቴ ውስጥ እንደተቀረቀረ ቀረ።

አማቴ ግን አላበቁም። ጉልበታቸውን እየደገፉ ተነስተው ከሳጥናቸው ያን ከግንባር እስከ ጀርባ የሚወርደውን በሰማያዊ ድንጋይ የተሸፈነ የራስ ጌጣቸውን አወጡ። ሴት ልጅ ስለሌላቸው ጌጡ ለታላቅ ምራት እንደሚወርድ አገር ያውቃል። «ድንጋዩን ፈትቼ ልሽጠው፣ ቤታቸው አይሂድ» ብለው መቀስ ጠየቁ። ለእሷ! የእኔን ጌጥ ለእሷ! ብድግ አልኩ። ምን ልናገር እንደተነሳሁ እኔም አላውቅም። ያወጣሁት ቃል «አይነካም! ሞተሮቹን ወደ እኛ ግቢ አምጧቸው። የኪራይ ፈቃዱ እኛ ጋ ነው፤ በእኛ ስም ይከራዩ፣ የሚገኘው የባንኩን ይክፈል» የሚል ነበር።

ኩንዜስ መጥታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። አማቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጨው በዛ ሳይሉ መረቁኝ። ሞሩፕ ያን ዕለት እንዳየኝ በሠርጋችን ቀንም አላየኝም። ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ያዳንኩት ጌጤን ነው።

ደጉ ነገር ደግሞ ስሚ። ዋጋው ገዢውን እንዳባረረው ሁሉ ተከራዩን ይጠራ ኖሯል። ሊገዛው አቅም ያጣ ሁሉ ለአንድ ቀን ሊነዳው ይመኛል። ከፑኔ የመጡ ሁለት ጓደኛሞች በአንዱ ሞተር ተጣልተው በየተራ ነድተው ታርቀው ሄዱ። ሦስት ላም እገዛለሁ ያሉት ሻምበል እንኳ ለልጃቸው የሠርግ ማግስት አንዱን ተከራዩ፤ ከሙሽራው ይልቅ ራሳቸው ናቸው የነዱት። ብድሩ ገና ነው፣ ግን የባንኩ ሰው ወደ ቤቱ መምጣቱን ትቷል። ሞተሩንም ነዳሁት፣ እታለም። አቀበቱን ሲወጣ የእኛ አሮጌዎች እንደሚያቃስቱት አያቃስትም። ጠላቴ ያልኩትን ነገር እንዲህ እወደዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ባለፈው ሳምንት ቬንካት ደወለ። በሌላውም አገር አልሸጥ ብሏቸው ዋጋውን ሊያወርዱ ያስባሉ። ኩንዜስ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ «እትዬን ጠይቃት፣ ገበያውን የምታውቀው እሷ ናት» አለችው። ዋጋው ከወረደ ሰው ይገዛል፣ የሚያተርፈው ወኪሉ ነው፣ እሷ ማለት ነው፤ የእኛ ኪራይም ይቀንሳል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ከዚያ ጥርሴን ነክሼ «ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ፣ ከዚያ ካለፈ በከንቱ አትልፉ» አልኩት። ስልኩን ስመልስላት ኩንዜስ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ «ውይ እትዬ፣ አምና አንቺን በጠየቀሽ ኖሮ!» አለችኝ። ባልዲዬን አንስቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።

አልነገርኳትም። መንገዱ በበረዶ ሳይዘጋ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ምዬአለሁ፤ ፈርቼ ግን አይደለም የዘገየሁት። ስነግራት እንደምትስቅ አውቃለሁ። ስቃ «እትዬ፣ እኔም እኮ ብዬው ነበር» ብላ ይቅር ትለኛለች፤ አማቴም ያን የዋህነቷን አይተው ይመርቋታል። ይኼን ነው የማልችለው። አንቺ ስንት በሽተኛ ያስታመምሽ ነሽና የሚበጀኝን ቃል ጻፊልኝ።

ሞሩፕ እጅ ነሥቷል። አማቴ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ የደረቀ አፕሪኮት ልከውልሻል፤ ግማሹ ለጋሽ ሪንቸን ጥርስ እንዲመች ለስለስ ያለው ነው ብለዋል። ጂግመት ሰላም ብሏል። ኩንዜስም በጣም በጣም ሰላም ብላሻለች፤ እንድጽፈው ሁለት ጊዜ ስላሳሰበችኝ ጻፍኩት። ናምጊያልን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። ለጋሽ ሪንቸን አክብሮቴን ንገሪልኝ።

በሚመጣው በጋ ፈቃድ ወስደሽ ነዪ። በረጅሙ ሞተር እስከ አቀበቱ ጫፍ እወስድሻለሁ። ኩንዜስ «እኔ ልውሰድሽ» ብላ ደጅሽ መቆሟ አይቀርም፣ መንዳትም ተምራለች። እሺ በያት፣ አታስቀይሚያት። ግን መጀመሪያ ከእኔ ኋላ ተቀመጪ።

ታናሽ እህትሽ ዲስኪት
ሌህ፣ መስከረም ፲፮ ቀን