ዘጌን ከሞፈር ምን አገናኘው?

በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግሁህ ወንድሜ ለኪዳነ ወልድ፤

እንደምን ሰነበትህልኝ? የኖርዌይ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህስ ደኅና ናት? ልጆቹን ጉንፋኑ ለቀቃቸው? ያ ባሕር መካከል ነዳጅ የምታወጡበት ሥራህስ ደኅና ነው? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። እኔም ከናፍቆትህና አንተው ካመጣህብኝ ንዴት በቀር ምንም አልሆንሁ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ነገሩ ሲመርህ «ኔትወርኩ እንቢ አለ» ብለህ ትዘጋለህ። ስለዚህ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ይህን መዝጋት አትችልም።

የላክህልኝን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ውሃው፣ አፈሩ፣ ነዳጁ፣ ማዕድኑ እያለቀ ነው፤ ይህ ዘመናዊ የሚባል ኑሮም አንድ ቀን ይፈርሳል ይላል። ውሸት ነው አላልሁም። ባሕር ዳር ለተቀመጠ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍም አያስፈልገውም። ባጃጆቹ ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፈው ያድራሉ፤ መብራቱ ደስ ሲለው ይመጣል፤ ጣናን እንቦጭ ወርሶት ዓሣ አጥማጁ ባዶ መረብ ይጎትታል። ያናደደኝስ መጽሐፉ አይደለም፤ አንተ ነህ።

ምን ቢነካህ ነው አባባ ዘንድ ደውለህ «ቡና አይበላም፤ ክፉ ቀን ሳይመጣ ጫካውን መንጥራችሁ በቆሎ ዝሩበት፤ ከአንበሳሜ ገበያ በሬ አስመጡ» ያልሃቸው? ዘጌን ከሞፈር ምን አገናኘው? በዘጌ በሬ እንደማይጠመድ፣ ምድሩ እንደማይታረስ፣ ይህም የአባቶች ቃል ኪዳን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው? አንተ ራስህ የተማርኸው በዚያው ጫካ ቡና ነው። መጽሐፉም ቢሆን ዛፋቸውን ጨርሰው ስለጠፉ ሰዎች አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። ለመሆኑ ስንተኛው ገጽ ላይ አቆምህ? ነዳጁን የምትጨርሱት እናንተ፣ የሚቆረጠው ዛፍ የእኛ።

ባለፈው እሑድ በጀልባ ተሻግሬ ዘጌ ሄድሁ። ከቤታችን ጀርባ ያለው ትልቁ ዋንዛ ተቆርጦ ወድቋል። በሥሩ የነበረው ቡና ጥላውን ሲያጣ ፀሐይ ለብልቦት፣ ሊለቀም የደረሰው ፍሬ ከነቅርንጫፉ ጠቁሯል። እምዬ የሰው ዓይን ፈርታ ማኅበር መሄድ ትታለች። ሽማግሌዎቹ መጥተው «መሪጌታ፣ ቃል ኪዳኑን ለእኛ የሚነግሩን እርስዎ አልነበሩም?» ቢሏቸው አባባ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት ወጡ። የቀረውንም ዛፍ በኅዳር ጽዮን ማግስት ለማስቆረጥ ከቆራጮች ጋር ተነጋግረዋል።

እኔ ግን አልተውኋቸውም። «የዓለም መጨረሻ አስፈርቶዎት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምን ያስፈራኛል? ዓለሙ ከፈረሰ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ ብሎኛል። ሲመጣ ምን ላበላው ነው?» አሉኝ። ሰማኸኝ? አንተ በፍርሃት ያመለጠችህን ቃል እሳቸው ቀጠሮ አድርገው ይዘዋታል። ዓለም ይፈርሳል ስትላቸው የሰሙት ልጄ ይመጣል የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በአባባ መቆጣት አልቻልሁም፤ ንዴቴ ሁሉ ወደ አንተ ዞረ።

የእኔን ቃል አይሰሙም፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ስለዚህ ከጽዮን በፊት ደውል። «ተሳስቻለሁ፤ ዛፉን አይንኩብኝ» በላቸው። መምጣትህ እውነት ከሆነ ዓለሙ እስኪፈርስ ምን ያስጠብቅሃል? ቡናው ሳይደርቅ፣ እሳቸውም በእግራቸው እየሄዱ ሳሉ ና። ውሸት ከሆነም በገዛ አፍህ ንገራቸው፤ ይህን እኔ አልነግርልህም።

ባለቤቴ ምናሴ «እርሻ ካማረህ መጥተህ እረስ» ብሎሃል። ልጄ ዜማ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። እምዬ ሰላምታ አልሰጠችኝም፤ መጀመሪያ ይደውል ነው ያለችው። የአባባ ሰላምታ ግን ብዙ ነው። የምታድሩበትን ክፍል ጭቃ አስመርገው ጨርሰዋል፤ ስንት አልጋ እንደሚበቃችሁ ጠይቂልኝ ብለውኛል።

እኅትህ ሰብለ ወንጌል ወልደ ሐዋርያት
ባሕር ዳር፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.